የሌላ ሰው ጥይት

የጠመንጃዬ መቀርቀሪያ አልዘጋ አለኝ። ተቀምጠን በፍጥነት የምንተኩስበት ዙር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች በሥርዓቱ ሄዱ፤ ቀጣዩ ግን የጠመንጃው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። እጀታውን በመዳፌ መታሁት። አልሄደም። ደግሜ መታሁት። ይህ መጥፎ ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ። ያልገባ ጥይት በግድ ሲገባ ምን እንደሚከተል ዱዌን በየዓመቱ መክፈቻ ላይ በፍንዳታ የተቀደደ የአንድ ሰውዬ ጉንጭ ፎቶ እያሳየ ይነግረናል። ግን ሰዓት ሲሮጥብሽ እጅሽ ፎቶ አያስታውስም። ፊሽካው ሲነፋ ካዝናዬ ውስጥ ገና ብዙ ጥይት ነበር።

ዱዌን የተኩስ ሜዳችን ኃላፊ ነው፤ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይጠግን ነበር። አጠገቤ ተንበረከከ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማዎቹ እንዳዞረ እጀታውን በእንጨት መዶሻ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ነካ ነካ አደረገው። ጥይቱ ዘሎ ሣሩ ላይ ወደቀ። አንሥቶ ወደ ብርሃን እያዞረ አየው።

«ማነው የሞላው?»

«እማ ናት።»

«ላቮን?»

«ሌላ እናት አለችኝ እንዴ?»

«አይ፣ ለመጠየቅ ያህል ነው» አለና ጥይቱን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ዱዌን ብዙ የሚያወራ ሰው ነው። ከዚያ በላይ ምንም ሳይል ወደሚቀጥለው ተኳሽ መሄዱ አናደደኝ።

እኛ ጋ ሰው መኪናውን ያውሳል፣ ጀልባውን ያውሳል፣ ሐይቅ ዳር ያለውን ቤቱን ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል። ጥይት ግን እያንዳንዱ የተተኮሰ ቀለሁን ቤቱ መልሶ በባሩድ ይሞላል፤ የሌላ ሰው እጅ የሞላውን ማንም አይተኩስም። ከጉንጭሽ አንድ ስንዝር ርቆ የሚፈነዳ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቀው የሞላው ብቻ ነው። መተኮሻ መስመር ላይ ጥይት ያለቀበት ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል እንጂ ጎረቤቱ «ከኔ ውሰድ» አይለውም። እኔ ብቻ ነበርኩ ከደንቡ ውጪ። ጠመንጃ መያዝ ከጀመርኩበት ጊዜ ጀምሮ የተኮስኩት የእናቴን ጥይት ነው፤ ማንም ምንም አላለኝም፣ ምክንያቱም የላቮን ጥይት መስመር ላይ ተቀርቅሮ ነክሶ አያውቅም። እስከዚያ እሑድ ድረስ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የክፍለ ግዛቱ ውድድር ነበር። እናቴ ከሃያ ዓመት በፊት ያገኘችውን የተኳሾች ሜዳልያ ለማግኘት ጥቂት ነጥብ ብቻ ነበር የቀረኝ። በዚያ ውድድር ጠመንጃ ከነከሰ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም፤ ያልተተኮሰ ጥይት ዜሮ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ ያለኝ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ የእናቴን ጥይት ልተኩስ ወይስ ልተው? ብተው ደግሞ ምን ብዬ ልንገራት?

ለእናቴ «ጥይትሽን አልተኩስም» ማለት «አንቺን አላምንሽም» ማለት ነው። በክረምቱ ትንሽ ስትሮክ ይዟት ነበር። ሐኪሙ እስከ በረዶው መቅለጥ ድረስ መኪና እንዳትነዳ አደረጋት። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ትኩስ ዕቃ ከእጇ ይቀበላሉ። ወንድሟ ኦሪን መሰላል ላይ ሲያያት ይጮሃል። ማንም ያልነካባት ምድር ቤቷ ውስጥ ጥይት የምትሞላበትን ጠረጴዛ ብቻ ነበር።

ቤቴ ገብቼ የተረፈኝን ሳጥን ጥይት አንድ በአንድ ለካሁ። መለኪያው ክፍት የሆነ ትንሽ የብረት ቱቦ ነው። ጥይቱ ይከተትበታል፤ የቀለሁ ግርጌ ከቱቦው ጠርዝ ጋር እኩል ከተኛ ጠመንጃው ውስጥ ይገባል፣ ብቅ ካለ አይገባም። ብቅ የሚለው በፀጉር ውፍረት ስለሆነ ዓይን ይሸወዳል። በአውራ ጣት ነው የሚዳሰሰው።

ይህ ሁሉ ጣጣ ራሱን በሚያጎርስ ጠመንጃ የመጣ ነው። በእጅ የሚጎርሰው ጠመንጃ ታጋሽ ነው፤ ቀለሁ ትንሽ ቢሰፋም ክንድሽ ይገፋዋል፣ ጭራሽ ጥብቅ ሲል አንዳንዴ የተሻለ ይመታል። ራሱን የሚያጎርሰው ግን ጊዜ የለውም። ያነሣል፣ ይወረውራል፣ ይዘጋል። አንዴ የተተኮሰ ቀለህ ተለጥጦ ይወጣል፤ በመጭመቂያ ተጨምቆ ወደ አንገቱ የሚጠብበት ትከሻው በጥቂቱ ካልተመለሰ ሁለተኛ አይገባም። ከመጠን በላይ ከተመለሰ ደግሞ ጉሮሮው ውስጥ ይላላል፣ ምቱ ይበታተናል፣ ሲደጋገም ቀለሁ ግርጌው አካባቢ ይበጠሳል። ጥሩ ምት ያለው በሁለቱ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ላይ ነው። እናቴ ያቺን ቦታ ዓይኗን ጨፍና ታገኛት ነበር።

አብዛኞቹ እኩል ተኙ። ጥቂቶቹ ግን ብቅ አሉ፤ አውራ ጣቴ ሲያልፍባቸው ልክ እንደ ጥፍር ጫፍ ያዙኝ።

የምሠራው ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ማሽን ይሳሳታል፣ ሰው ይሳሳታል፣ ይህ አያስደንቀኝም። ያስደነቀኝ ስህተቱ ማለፉ ነው። እናቴ እያንዳንዷን ጥይት ትለካለች። ለክታ እነዚህን እንዴት አሳለፈቻቸው? በዚያ ላይ የራሷ የተኩስ ነጥብ ከፀደይ ጀምሮ ወርዷል። ሁለቱን ነገር ደመርኩና አእምሮዋ እየከዳት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለመደምደም ፈጣን ነኝ።

ሰኞ ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ወደሷ ነዳሁ። ምድር ቤት ነበረች፤ ሬዲዮው ቤዝቦል ያወራል፣ እሷ ትመልስለታለች።

«ዛሬ ሰኞ ነው» አለችኝ ዞር ሳትል። «ሰኞ ምን አመጣሽ?»

«አንቺን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«እንግዲህ አየሽኝ። ላይ ማቀዝቀዣው ውስጥ የአጋዘን ቋሊማ አለ፣ ኦሪን ነው ያመጣው። ጨው በዝቶበታል።»

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። «እማ፣ የመጭመቂያውን ልክ ነክተሽዋል እንዴ?»

«ለኦሪን ጥቂት ሞልቼለት ነበር። የሱ በእጅ የሚጎርስ ነው፣ ቀለሁ ብዙ መጨመቅ አይፈልግም። ከፍ አደረግኩት፣ ከዚያ መለስኩት።»

«በልኩ?»

«አይ፣ በግምት!» አለች። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? መልሼዋለሁ፣ እያንዳንዷንም ለክቻለሁ። ምን ሆንሽ?»

«አንዱ ነከሰብኝ።»

ዞር አለች። «የኔ ጥይት?»

«አንዱ ነው።»

«ጠመንጃሽን መቼ ነው ያጸዳሽው?»

«እማ!»

«አንቺ ጠመንጃ የምታጸጂው የሰው ቤት ሳህን እንደምታጥቢው ነው። አውቅሻለሁ።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተቀምጬ አየኋት። ጥይቱን ታነሣለች፣ መለኪያው ውስጥ ትጥላለች፣ ቀኝ አውራ ጣቷን ታሳልፍበታለች፣ ሳጥን ውስጥ ታስገባለች። አንዱንም አልዘለለችም። ቀስ ብላ፣ ተጠንቅቃ ነበር የምትሠራው፤ ግራ ገባኝ። አእምሮው የሚከዳው ሰው እንደዚህ አይሠራም።

ቀጥሎ መለኮሻዎቹን ማስገባት ጀመረች። መለኮሻ የምስር ፍሬ የምታህል የነሐስ ቆብ ናት፤ በሁለት ጣት ተይዛ ከቀለሁ ግርጌ ትሰካለች። እናቴ በቀኝ እጇ አንዷን ቆነጠረች፣ እጇን ወደ መጭመቂያው ወሰደች፣ ማንሻውን ሳበች። ጣቶቿ መሃል ግን ምንም አልነበረም። መለኮሻዋ ሳህኑ ውስጥ እንዳለች ነበረች። እናቴ ይህን ያወቀችው ቀለሁን ገልብጣ ስታየው ነው።

«እርጅና» አለችና በግራ እጇ አነሣቻት።

ገና አልገባኝም ነበር። ዓይኔ ያረፈው ሳጥኖቹ ላይ ነው። የኔ ቀይ ክዳን አለው፣ የሷ ሰማያዊ። በኔ ውስጥ ያሉት ቀለሆች ሁሉ የአንድ ፋብሪካ፣ እኩል ያረጁ ናቸው። በሷ ውስጥ ያሉት ዝንጉርጉር ናቸው፤ ያገኘችውን ሁሉ የለቀመች ይመስላል።

«ያንቺ ለምን እንዲህ ተደባለቀ?»

«ተመሳሳዮቹን ላንቺ እለያቸዋለሁ። እኔ የተረፈውን እተኩሳለሁ። ነጥቤ ለምን የወረደ ይመስልሻል?» አለች። የተናገረችበት መንገድ ልቤ ውስጥ ገባ፤ ከሐዘኔታ አይደለም፣ መልሱ ተዘጋጅቶ የቆየ ስለመሰለኝ ነው።

«ይሄ ሞኝነት ነው።»

«እናትነት ይባላል።»

«እማ፣ የቀለሆቹ ልዩነት በቅርብ ርቀት ኢላማ ላይ የጥፍር ወርድ አያህልም። አንቺ ግን የምትስቺው የእጅ መዳፍ ያህል ነው።»

«ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ይህን እንድትነግሪኝ ነው?»

«አዎ!»

ሳቀችና ሬዲዮውን ከፍ አደረገችው። ስወጣ ሰማያዊውን ሳጥን ከቦርሳዬ ሥር ይዤው ወጣሁ።

ክለባችን ውስጥ ሰው ጥይቱን የሚፈትነው ሦስት ተኩሶ ነው። ሦስቱ ቀዳዳዎች ከተጠጋጉ ወረቀቱን ቀድዶ ኪሱ ይከተዋል፣ ዓመቱን ሙሉ ለሰው ያሳያል። ካልተጠጋጉ «ነፋስ ነበር» ይላል። ሦስት ቀዳዳ ምንም አይናገርም። ማንኛውም ጥይት አንድ ቀን ሦስት ቀዳዳ አጠጋግቶ ሊመታ ይችላል። በሕይወቴ ወረፋ መጠበቅ አልችልም፣ ሰው ወሬ ሲያረዝምብኝ ዓረፍተ ነገሩን እኔ እጨርሰዋለሁ፤ በዚህ አንድ ነገር ላይ ግን እታገሣለሁ፣ ምክንያቱም አጭር መንገድ እንደሌለው ስለማውቅ።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ሜዳው ባዶ ነበር፤ ዱዌን ብቻ ሣር ያጭዳል። ሁለቱንም ሳጥን እንደገና ለካሁ፣ ብቅ ያሉትን ለየሁ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፌ አንዱን ከቀዩ አንዱን ከሰማያዊው እያፈራረቅሁ፣ አፈሙዙ ሲግል እያቆምኩ፣ ሁለት የተለያዩ ኢላማዎች ላይ ተኮስኩ።

ዱዌን ማጨጃውን አጥፍቶ መጣ። «ሰማያዊው የላቮን አይደለም?»

«ነው።»

«ሰጠችሽ?»

«ተውሼ ነው።»

«ጥይት አይዋስም።»

«እንግዲያው ሰርቄ ነው። ዞር በልልኝ፣ ጥላህ የርቀት መነጽሬ ላይ ነው።»

«ያቺ ሴት ስትይዝሽ እኔ እዚህ አልነበርኩም» አለና አልሄደም። ስጨርስ በመነጽሩ ሁለቱን ኢላማዎች አየ፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ አየ። «የቱ ነው የማይረባው?»

«ንገረኝ እስቲ።»

«መለየት አልቻልኩም።»

እኔም አልቻልኩም። በግራ ያለው ትንሽ ሰፋ ብሏል፣ ግን ነጥብ የሚያስቀይር አልነበረም። የተረፈ ቀለህ፣ የተደባለቀ ቀለህ፣ ያም ሆኖ እኩል ይመታል። እናቴ ጥይት አሞላል አልጠፋባትም።

«ታዲያ ላቮንን ምን ነካት?» አለ ዱዌን።

ያኔ ነው የታየኝ። ባዶውን ወደ መጭመቂያው የሄደው እጅ። መለኪያው ላይ የሚያልፈው አውራ ጣት። ቃታ የሚስበው አመልካች ጣት። ሦስቱም የአንድ እጅ ናቸው፤ ቀኙ። አእምሮዋ ምንም አልሆነም፤ ጣቶቿ ደንዝዘዋል። ብቅ ያለችው ጥይት ከጣቷ በታች ስታልፍ ምንም አልነገረቻትም።

ለዱዌን አልነገርኩትም። ዕቃዬን ሰብስቤ፣ ከከተማ ባሩድና መለኮሻ ገዝቼ፣ እኔ ቤት አቧራ የጠጣውን አሮጌ መጭመቂያ አውጥቼ በዚያው ሳምንት የራሴን ጥይት ሞላሁ። ቸኩዬ አልሞላሁም። ይህን የምናገረው በኋላ ብዙ ስለተባለበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ እናቴ እንደ ሁልጊዜው ቀዩን ሳጥን ሰጠችኝ። አዲስ የሞላችው ነበር። ተቀበልኩና ጋሪዬ ላይ አኖርኩት። የራሴ ከሥሩ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር።

በመጀመሪያው ዙር ሁለታችንም የጉድጓድ ተራ ደረሰን፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ኢላማ። ጉድጓዱ ከኢላማዎቹ ሥር ያለ ረጅም የሲሚንቶ ምሽግ ነው። ጥይት ከራስሽ በላይ እንደ ጅራፍ ይጮሃል፤ ኢላማውን ታወርጂዋለሽ፣ የአዲሱን ቀዳዳ ቦታ በምልክት ታሳያለሽ፣ የድሮውን በወረቀት ትለጥፊያለሽ፣ ትገፊዋለሽ። እኔ አወርድ ነበር፣ እናቴ ትለጥፍ ነበር። በግራ እጇ።

«ሰማያዊውን ሳጥን እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ። ሌላ ሌባ ቢሆን ቋሊማውን ይወስድ ነበር።»

ጅራፉ ጮኸ። አወረድኩ፣ ምልክቱን ሰካሁ፣ ገፋሁ።

«ተኮስኩት።»

«የኔን?»

«ሙሉውን። ከቀዩ እኩል ነው የሚመታው። ጥይቱ ምንም አልሆነም እማ። ነጥብሽ የወረደው በጥይቱ አይደለም።»

መለጠፊያውን ጥቅልል ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ቀኝ እጅሽ ነው» አልኳት። «አይሰማሽም።»

ጅራፉ ጮኸ። አላወረድኩም። ከምሽጉ ጫፍ የጉድጓዱ አለቃ ጮኸ፤ «አሥራ ሰባት! ተኝታችኋል?»

«እናትና ልጅ እያወሩ ነው!» አለ አሥራ ስምንት ላይ ያለው።

«ቤታቸው ያውሩ! አሥራ ሰባት፣ አውርዱ!»

አወረድኩት። እናቴ ቀዳዳውን በዓይኗ ፈልጋ አሳየችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?» አለች።

«ከማክሰኞ። አንቺስ?»

«ከየካቲት።»

«ለሐኪሙ ነገርሽው?»

«በመርፌ እየነካካ ‹ይሰማሻል?› ይለኛል። እጁን እያየሁት ነበር። ይሰማኛል አልኩት።» ይህን ስትናገር የኩራት ነገር ነበረባት።

«ለኔስ?»

«ላንቺ ብነግርሽ ጥይቴን ትተኩሺ ነበር?»

«አልተኩስም ነበር።»

«እንግዲህ» አለች።

ኢላማውን ገፋሁት። ከዚህ በላይ ብጠብቅ እንደማልናገረው አወቅሁ። «ዛሬም አልተኩስም፣ እማ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «የፋብሪካ ገዛሽ?» ያገባ ሰው ወደድሽ ወይ ብላ የጠየቀችኝ ይመስል ነበር።

«ራሴ ሞላሁ።»

«መቼ?»

«በዚህ ሳምንት።»

«በሥራ ቀን? ደክመሽ? በዚያ ዝገት በበላው መጭመቂያ? ባሩዱን መዘንሽ ወይስ እንደ ስኳር ጨመርሽበት?»

«መዘንኩት። ለካሁት። ሁሉንም አንድ በአንድ።»

«ሁሉም እንደዛ ይላል» አለችና አፏን ዘጋች፤ እሷም እንደዛ ስትል እንደነበር ትዝ ሳይላት አልቀረም።

ዙሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ስንት ነበሩ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«አታድክሚኝ። ብቅ ያሉት።»

ነገርኳት።

«እሑድ ዕለት የነከሰብሽን ምን አደረግሽው?»

«ዱዌን አወጣው።»

«ከዚያ በፊት ነው የምልሽ። እጀታውን መተሽዋል?»

ልዋሽ አስቤ ነበር። «ሁለት ጊዜ።»

እናቴ አልቃሻ አይደለችም፣ ያኔም አላለቀሰችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ቀኝ እጇን እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ አየችው። ኢላማውን ብቻዬን አወረድኩ፣ ለጠፍኩ፣ ገፋሁ። ጥይቱ እንዲገባ ሁለት ጊዜ መትቼው ነበር፤ ሦስተኛ ብመታው ወይም ትንሽ ጠንከር አድርጌ ብመታው ኖሮ ያ ፎቶ ላይ ያለው ጉንጭ የኔ ይሆን ነበር። ይህን እሷም እኔም እናውቃለን።

ከጉድጓድ ወጥተን መስመሩ ላይ ስንደርስ በቀጥታ ወደ ጋሪዬ ሄደች፣ ቀዩን ሳጥን አነሣች። መስመሩ ጫፍ ላይ የማይተኮስ ጥይት የሚጣልበት የአሸዋ በርሜል አለ። ክዳኑን ከፍታ ሳጥኑን ገለበጠችው።

«እማ፣ አብዛኞቹ ደህና ናቸው! እኔ እለያቸዋለሁ…»

«ዝም በይ» አለችኝ። ስንት ቀን እንደሠራችባቸው አላውቅም። ሁሉም ነሐሳቸው የሚያብረቀርቅ፣ ርዝመታቸው እኩል፣ የሚያማምሩ ነበሩ። ዱዌን ከማማው ሆኖ አየን፣ ከዚያ ሰዓቱን የሚያይ መሰለ።

እኔ የራሴን ተኮስኩ። አንድም አልነከሰም። በፍጥነቱ ዙር ጠመንጃዬ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ሠራ። ሩቁ መስመር ላይ ግን ከሐይቁ የመጣው ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር አላየሁትም፣ ወይም ዘግይቼ አየሁት፤ ሁለት ጥይት ከጥቁሩ መሃል ውጪ፣ ነጩ ላይ ወጣ። የሚያስፈልገኝን ነጥብ አላገኘሁም። ሌላ ዓመት ማለት ነው።

እናቴ የነጥብ ወረቀቴን ሳይሆን መነጽሩን ነበር የያዘችው። «ከላይ ወደ ታች ተበትነዋል» አለች። «ባሩዱ እኩል አይደለም።»

«ነፋስ ነው።»

«ነፋስ ወደ ጎን ነው የሚወስደው።»

«በዚህ ያህል ጥይት ምንም ማለት አይቻልም፣ እማ።»

«እኔ እላለሁ።» መነጽሩን አስቀመጠች። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሰው ሁሉ ወደ ጥብሱ ሄዷል። የሷ ዙር ከምሳ በኋላ ነው፤ ቆሞ መተኮስ። ሰማያዊውን ሳጥኗን እኔ እንደጨረስኩባት፣ ቀዩን ራሷ እንደደፋችው ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ዕቃዋን ሰብስባ ወደ ቤት የምትሄድ መሰለኝ።

«ተርፎሻል?» አለችኝ።

«ምን?»

«ጥይት ነዋ።»

«ተርፎኛል።»

«አምጪው።»

የመኪናዋን የኋላ በር ከፍታ ተቀመጠች። መለኪያዬን ጠየቀችኝ። አንድ በአንድ እየጣለች ግራ አውራ ጣቷን አሳለፈችባቸው፤ እንደ ጀማሪ፣ እየደጋገመች፣ ጣቷን እያሸች። ሁለት ጥይት መለሰችልኝ።

«እነዚህ ደህና ናቸው» አልኳት።

«ላንቺ።»

ተናደድኩ። ደህና ነበሩ። አሁንም ደህና ናቸው እላለሁ።

የሷ ዙር ሲጀመር እኔ ጉድጓድ ነበርኩ፤ ከአንድ ልጅ እግር ፖሊስ ጋር ቁጥር ተለዋውጬ አሥራ ሰባትን ያዝኩ። በጉድጓዱ ሬዲዮ የዱዌን ድምፅ መጣ። ለመስመሩ ሲናገር ማጥፋት ይረሳል።

«ላቮን፣ በተሳሳተ በኩል ነው የያዝሽው!»

ድምፅዋ ከሩቅ ተሰማ። «አውቃለሁ የት እንደያዝኩት።»

«በግራ ትከሻሽ ነው! ዕድሜ ልክሽን በቀኝ…»

«ዱዌን፣ ቀኝ እጄ ሞቷል። ጣቶቼ አይሰሙኝም። ይኸው ነገርኩህ፤ ሁሉም ሰማ። አሁን ፊሽካህን ንፋ።»

የጉድጓዱ አለቃ እኔን አላየኝም፣ ሆን ብሎ።

«የማንን ጥይት ነው የያዝሽው?» አለ ዱዌን፣ ረጋ ብሎ።

«የልጄን።»

ፊሽካው ተነፋ። ኢላማዎቹን ገፋን።

ከግራና ከቀኝ ጅራፉ መጮህ ጀመረ፤ ኢላማዎች ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። አሥራ ሰባት ዝም አለ። በግራ ትከሻ ያን ጠመንጃ ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ሰደፉ ቦታ አያገኝም፣ ዓይን አይታዘዝም፣ ማንገቻው በተሳሳተው ክንድ ላይ ይጎትታል፣ ቃታው የማን እንደሆነ የማታውቂው ጣት ላይ ነው። ከዚያ ተኮሰች። ከጀርባችን ካለው የአፈር ክምር ላይ ከኢላማው በታች አቧራ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።

ማንም ባያይ ኖሮ እንኳ ሌላ ምልክት አላሳይላትም ነበር፤ ብዋሽ በመነጽሯ ታውቀዋለች። አለመመታቱን የሚያሳየውን ቀይ ባንዲራ አንሥቼ በኢላማው ፊት ከዳር እስከ ዳር አወዛወዝኩት።

ረጅም ጊዜ ጠበቅሁ። ሁለተኛው ጮኸ። አወረድኩት፤ ነጩ ላይ፣ ታች ጥግ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አንድ ንጹሕ ክብ ቀዳዳ ነበር።

ምልክቱን እዚያው ቀዳዳዋ ላይ ሰካሁና ኢላማውን ወደ ላይ ገፋሁላት።